የታመመ ልጅ ሌሊት፦ ሕመምን አስታግሦ እንቅልፍን ለመጠበቅ የሚረዳ የወላጆችና የአስታማሚዎች መመሪያ

በጽኑ የታመመ ልጅ ይዘው ሐኪም ፊት የሚቀርቡ ወላጆች ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱና ስለ ማስመለሱ በዝርዝር ይናገራሉ፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ ግን ካልተጠየቁ በቀር ብዙውን ጊዜ አያነሡም። የታመመ ልጅ እንቅልፍ ማጣቱ የማይቀር ነገር ተደርጎ ስለሚቆጠር እናትና አባት አብረው እያደሩ ችለው ያሳልፉታል። እንቅልፍ ማጣት ግን ሕመም ትቶት የሚሄድ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ተመልሶ ሕመምን ያባብሳል። በመሆኑም የልጁን እንቅልፍ መጠበቅ የሕመም ሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ለሌሊት ሕመም የሚደረገው ዝግጅትም ልጁ ነቅቶ ካለቀሰ በኋላ ሳይሆን ገና ከማምሻው መጀመር ይኖርበታል።

ከዚህ በታች ያለው ምክር ለብዙ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ይሠራል። አብዛኞቹን ምሳሌዎች የወሰድኩት ግን ከሕፃናት የደም ካንሰር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሕክምና ውስጥ በሽታው፣ መርፌው፣ መድኃኒቱና የሆስፒታል ኑሮው እያንዳንዳቸው እንቅልፍን ይነካሉ፤ ሕክምናውም በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚዘልቅ ነው። ከገጠር ተነሥተው ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ሆስፒታል የሚመጡ ቤተሰቦች ከቀያቸው ርቀው ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ፣ ልጁ የለመደው መኝታም፣ የለመደው የምሽት ሥርዓትም አብሮት አይመጣም።

ሕመም ለምን በሌሊት ይበረታል?

ቀን ላይ ልጁን ከሕመሙ የሚያዘናጉት ብዙ ነገሮች አሉ፤ ጨዋታ፣ ሰው፣ ብርሃን፣ ድምፅ። ማታ እነዚህ ሁሉ ሲቀሩ ከሕመሙ ጋር ብቻውን ይቀራል። ከዚህም በተጨማሪ የሰውነት ብግነትን የሚገታው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን መጠኑ በጣም የሚቀንሰው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የተኛ መገጣጠሚያም ስለሚገትር፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ልጅ ንጋት ላይ እጅና እግሩን ለማዘዝ ይቸገራል።

በሌላ በኩል አንጎል ከሰውነት የሚመጣውን የሕመም መልእክት የሚያለዝብበት የራሱ ሥርዓት አለው። በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ይህ ሥርዓት ይዳከምበታል፤ ትናንት የቻለውን መርፌ ዛሬ መቻል ያቅተዋል። ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ በሽታ ያለባቸውን ልጆች በየቀኑ የተከታተሉ ጥናቶች በመጥፎ እንቅልፍ ካለፈ ሌሊት በኋላ በማግስቱ የሚሰማው ሕመም እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ በአንዳንዶቹም ይህ ተጽዕኖ የቀን ሕመም በሌሊቱ እንቅልፍ ላይ ካለው ተጽዕኖ የበረታ ሆኖ ተገኝቷል። ለወላጅ ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። በሽታውን በአንድ ሌሊት ማዳን ባይቻልም የዛሬውን እንቅልፍ በማሻሻል የነገውን ሕመም መቀነስ ይቻላልና።

ጤናማ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ምን ያህል መተኛት እንዳለበት ማወቅ ለማነጻጸር ይረዳል። ከ4 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለው ከ11 እስከ 14፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለው ከ10 እስከ 13፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለው ከ9 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመከራል። የታመመ ልጅ ከዚህ በላይ ሊተኛ ይችላል። ሆኖም ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ የሚያሳስበው መቆራረጡ ነው፤ በየሰዓቱ እየነቃ 12 ሰዓት አልጋ ላይ የዋለ ልጅ አልተኛም ቢባል ይቀላል።

የተኛ ልጅ ሁሉ ሕመም የለበትም ማለት አይደለም

በሕፃናት ክፍል ከሚደረጉ ስሕተቶች በእኔ ግምት ትልቁ «ተኝቷል፣ አላመመውም» ብሎ መደምደም ነው። ለቀናት በሕመም የተሠቃየ ልጅ ከድካም ብዛት ሕመሙ ሳይለቀው እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል። ሌላው ደግሞ መንቀሳቀስ ስለሚያመው ዓይኑን ጨፍኖ ድርቅ ብሎ ይተኛል፤ ሲያዩት የተኛ ይመስላል። ትልልቅ ልጆች ደግሞ እናታቸው እንዳትጨነቅ ወይም ሌላ መርፌ እንዳይመጣባቸው ሕመማቸውን ይደብቃሉ። «ጎበዝ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ማበረታቻ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ልጁን ዝም እንዲል ስለሚያስተምረው፣ በዚህ ፈንታ «ሲያምህ ስለ ነገርከኝ ጎበዝ ነህ» ማለት ይሻላል።

ከ2 ወር እስከ 7 ዓመት ላሉ፣ ሕመማቸውን በቃል መግለጽ ለማይችሉ ልጆች ባለሙያዎች አምስት ነገሮችን እያዩ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ፊቱን፣ እግሮቹን፣ የሰውነቱን እንቅስቃሴ፣ ለቅሶውንና ሲያባብሉት የመጽናናቱን ሁኔታ። ድምሩ ከ10 ይቆጠራል፤ ከ1 እስከ 3 ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከባድ ሕመም ተደርጎ ይወሰዳል። ወላጅ ይህን መለኪያ በቀላሉ ሊለምደው ይችላል። የተኛን ልጅ ለመገመት ግን በችኮላ ማየት አይበቃም፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ አጠገቡ ሆነው ይመልከቱ፣ ግንባሩ መቋጠሩን፣ ጥርሱን መንከሱን፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ መሰብሰቡን ያስተውሉ፤ ቀስ ብለው ክንዱን ወይም እግሩን ሲነኩት ጡንቻው ልል ነው ወይስ የተወጠረ? ከ8 ዓመት ገደማ ጀምሮ ያለ ልጅ ራሱ ከ0 እስከ 10 ቁጥር እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ከእርሱ ያነሰው በተሣሉ ፊቶች ላይ በጣቱ ያሳያል። ልጁ ራሱ መናገር ከቻለ ከማንም ግምት በላይ የሚታመነው የእርሱ ቃል ነው።

የሌሊት ማስታወሻ ደብተር

አንድ ተራ ደብተር አልጋው አጠገብ አስቀምጡና ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ጥቂት ነገር ጻፉ። ማታ ስንት ሰዓት እንደ ተኛ፣ ስንት ጊዜና በምን ሰዓት እንደ ነቃ፣ ያነቃው ምን እንደ ነበረ፣ ጠዋት ሲነሣ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደ ነበረ፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደ ተሰጠ፣ ቀን ላይ ምን ያህል እንደ ተኛ። መጻፍ የማትችል እናት ብትሆን የመንቃቱን ቁጥር በጭረት ምልክት ልታደርግ፣ ሌላውን ደግሞ የሚጽፍላት ሰው ልትጠይቅ ትችላለች።

የዚህ ደብተር ጥቅም ሐኪሙ «ሌሊት ያመዋል» የሚለውን ጥቅል አነጋገር ወደ ውሳኔ የሚለውጥበት መረጃ ማግኘቱ ነው። ለምሳሌ ልጁ ሁልጊዜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚነቃ ከሆነና ማታ 1 ሰዓት ላይ ፓራሲታሞል የሚወስድ ከሆነ፣ የመድኃኒቱ ኃይል አልቆ እንደሚነቃ ይገመታል። በየሰዓቱ ለሽንት የሚነሣ ከሆነ ምክንያቱ ሕመም ሳይሆን በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ቪንክሪስቲን ከተባለው የካንሰር መድኃኒት መርፌ በኋላ ባሉት ቀናት መንጋጋውንና እግሮቹን የሚያመው፣ ሰገራም የሚደርቅበት ከሆነ መድኃኒቱ ነርቮችን መንካቱን ያመለክታልና ሐኪሙ ሊሰማው ይገባል። ምክንያቱ ተለይቶ ካልታወቀ የሚሰጠው ማስታገሻ ሁሉ በግምት ይሆናል።

ማስታገሻውን ከእንቅልፉ ሰዓት ጋር ማስማማት

በአፍ የሚወሰድ ፓራሲታሞል በ30 ደቂቃና በ1 ሰዓት መካከል መሥራት ይጀምርና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። አይቡፕሮፌን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያገለግላል። ፈጥኖ የሚሠራው በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጀምርና 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ልጁ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚተኛ ከሆነ የምሽቱ መድኃኒት ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መሰጠት ይኖርበታል፤ አልጋ ላይ ከወጣና ሕመሙ ከበረታ በኋላ የሚሰጥ ማስታገሻ እስኪሠራ ድረስ የእንቅልፉ የመጀመሪያ ክፍል ያልፋል። ጥልቁ እንቅልፍ በብዛት የሚገኘው ደግሞ በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ነው።

ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ሕመም ላለበት ልጅ ማስታገሻው ሲያመው ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ እንዲሰጠው ይታዘዛል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይቸገራል፤ «ስንት ተሠቃይቶ ገና አሁን ተኛ፣ እንዴት ልቀስቅሰው?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን የሌሊቱ መጠን ከተዘለለ ልጁ ከሁለት ሰዓት በኋላ በከባድ ሕመም ይነቃል፤ ያን ጊዜ ሕመሙን መልሶ ለመቆጣጠር ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ከሌሊቱ መጠኖች የትኛው መዘለል እንደሌለበት ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ። የሚሰጠው መጠን በመለኪያው ተቀድቶ፣ ውኃውም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ደማቅ መብራት ሳያበሩ፣ ብዙ ሳያናግሩ፣ ቀና አድርገው ይስጡትና መልሰው ያስተኙት። በትክክል ከተዘጋጁ ነገሩ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም።

የፓራሲታሞል መጠን በልጁ ክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ 16 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 7.5 ሚሊ ሊትር 187.5 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል፤ ይህም በተባለው ልክ ውስጥ ነው። ሽሮፖች የተለያየ መጠን ስላላቸው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሁልጊዜ ያንብቡ፤ በወጥ ማንኪያ ሳይሆን በመርፌ መሳይ መለኪያ ወይም አብሮት በመጣው ክዳን ይለኩ። የጉንፋን ሽሮፖች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን ደርቦ መስጠት ጉበትን ይጎዳል።

ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ለሚወስድ ልጅ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ ፓራሲታሞል ከመስጠትዎ በፊት ሙቀቱን ይለኩ። የነጭ የደም ሕዋሱ የወረደበት ልጅ ትኩሳት ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጥ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳቱን በማስታገሻ ሸፍኖ ማሳደር ሳይሆን በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መድረስ ይገባል። በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒትም ለእነዚህ ልጆች ክልክል ነው። አይቡፕሮፌን የደም መርጋትን ስለሚያውክና ኩላሊትን ስለሚነካ ፕሌትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ሕዋስ) ለወረደ፣ ኩላሊታቸው ለታመመ ወይም በተቅማጥና በማስመለስ ፈሳሽ ላጡ ልጆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። አስፕሪንም ለሕፃናት ያለ ሐኪም ውሳኔ የሚሰጥ ማስታገሻ አይደለም። ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል፤ አንዳንድ ልጆች ኮዴይንን በሰውነታቸው ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጡት አተነፋፈሳቸው ሊቆም ይችላል።

ሞርፊን ሲባል ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ «የመጨረሻ መድኃኒት» ነው፣ ልጁን ሱሰኛ ያደርገዋል የሚል ፍርሃት አለ። ለከባድ የካንሰር ሕመም በሐኪም ተመጥኖና በክትትል የሚሰጥ ሞርፊን ተገቢ ሕክምና ነው፤ ፍርሃቱ ልጆችን ያለ ምክንያት ለስቃይ ሲዳርግ ማየት በጣም ያሳዝናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ብዙ ቢተኛ ብዙ ጊዜ ያጣውን እንቅልፍ እያካካሰ ነው፤ በስሙ ሲጠሩት ወይም ሲነኩት የሚነቃ፣ የሚጠጣና የሚመልስ ከሆነ አያስፈራም። ሲቀሰቅሱት የማይነቃ፣ አተነፋፈሱ የዘገየና ስስ የሆነ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን መጠን ሳይሰጡ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅና የሆድ ድርቀት ራሱ የሌሊት ሕመም ስለሚሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለስለሻ እንዲታዘዝለት ይጠይቁ።

እንቅልፍ የሚነሡ መድኃኒቶች

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን በደም ካንሰርም፣ በኩላሊት በሽታም፣ በመገጣጠሚያ ብግነትም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ሁለቱም ልጁን ያነቁታል፣ ያስርቡታል፣ ጠባዩንም ይለውጡታል፤ ሌሊት ተነሥቶ እንጀራ የሚጠይቅ ልጅ አመል አላወጣም፣ መድኃኒቱ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ጠዋት ከቁርስ ጋር መስጠት፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ከሰዓት በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ለልብ ሕመም የሚታዘዘው ፉሮሰማይድም ሽንት ስለሚያበዛ የመጨረሻው መጠን ምሽት ላይ እንዳይሆን ይመከራል። የልብ ቫልቩ የተጎዳ ልጅ ጠፍጣፋ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ጀርባውን በትራስና በተጣጠፈ ጋቢ ደገፍ አድርጎ ማስተኛት እፎይታ ይሰጠዋል፤ ይህ አዲስ የመጣ ምልክት ከሆነ ግን ትራስ ጨምሮ መተው ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

ለእንቅልፍ ተብለው የሚሰጡ ነገሮች ደግሞ የበለጠ ያሳስቡኛል። ልጁ እንዲተኛ ተብሎ የአለርጂ ወይም የሳል ሽሮፕ መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አተነፋፈስን ሊያቆም ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለትልቁም ቢሆን ከሞርፊን ጋር ሲደረብ አደጋው ይጨምራል። እነዚህ መድኃኒቶች ልጁን ያፈዝዙታል እንጂ ሕመሙን አያስታግሡለትም፤ እያመመው መናገር እንዳይችል ከማድረግ የከፋ ነገር የለም። አረቄም ሆነ ጠጅ በጠብታም ቢሆን አይቀመስ። ከሰዓት በኋላ ቡና፣ ሻይና ኮካ ኮላ ከመስጠትም ይቆጠቡ።

ምሽቱን ማዘጋጀት

ልጁ በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት ቢተኛና በተለይም በተቀራራቢ ሰዓት ቢነሣ ሰውነቱ ሰዓቱን ይለምዳል። ጠዋት መጋረጃውን ከፍቶ ብርሃን ማሳየት፣ ከቻለ ደጅ ማውጣት ለሌሊቱ እንቅልፍ ይጠቅማል። ከ5 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ የቀን እንቅልፉ አጭር ቢሆንና ከቀኑ 9 ሰዓት ባያልፍ ይመረጣል፤ ትኩሳት ካለበት ወይም ኬሞ ከወሰደ ግን ይህን ሕግ ትተው እንዲተኛ ይተዉት።

ከመኝታ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ቴሌቪዥኑና ስልኩ ይጥፉ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች ይኑሩ፤ መድኃኒት፣ ገላን ወይም እግርን በሞቀ ውኃ መታጠብ፣ ጸሎት፣ ተረት። ለሚገትር መገጣጠሚያና ለጡንቻ ሕመም የሞቀ ፎጣ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን በራስዎ ክንድ የውስጥ ክፍል ላይ ይሞክሩት። ያበጠና ቀይ የሆነ፣ ወይም በቅርቡ መርፌ የተወጋ ቦታ ላይ ሙቀት አያድርጉ። አፉ የቆሰለ ልጅ እራት ሲበላ የሚሰማው ሕመም ይዞት እንዳያድር የአፍ ማደንዘዣውን ወይም ማስታገሻውን ከእራቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ይስጡት፤ በርበሬ የሌለበት ለስለስ ያለ ምግብ፣ ለምሳሌ አጥሚት ወይም ቀዝቀዝ ያለ ገንፎ ይስማማዋል።

አልጋ ላይ ሲሆን ቀስ ብሎ በአፍንጫ መሳብና ሻማ እንደሚያጠፋ በአፍ ረዘም አድርጎ መተንፈስ ከ4 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሊማሩት ይችላሉ። ከዚህ ጋር የሚወደውን ቦታ እንዲያስብ ይምሩት፤ አያቱ ቤት ከሆነ በሩ የት ነው፣ ጥጃዋ የት ታስራለች፣ ምን ይሸታል እያሉ በዝግታ ይጠይቁት። ይህ ሕመሙን ችላ ማለት አይደለም፤ ትኩረት ሲዞር አንጎል የሕመሙን መልእክት ይቀንሳል። ማስታገሻውን ይተካል ብለው ግን አይቁጠሩት። ጡት ለሚጠባ ሕፃን የእናቱ ጡትና ገላ ለገላ መታቀፍ ከሁሉ የበለጠ ማጽናኛ ነው፤ መርፌ በሚወጋበት ጊዜም ጡት ማጥባት ሕመሙን እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ነው።

ልጁን ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች የመድኃኒቱን ሰዓት አብረው ይዘው እንዲሄዱ፣ ማስታገሻውንም ሆነ ፕሬድኒሶሎኑን እንዳያቋርጡ፣ ልጁም ሞቅ ብሎት የሚያድርበትን ቦታ አስቀድመው እንዲያመቻቹ አደራ እላለሁ።

ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ

የዓለም ጤና ድርጅት በሆስፒታል መኝታ ክፍሎች የሌሊት ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም የሹክሹክታ ያህል ነው። ብዙ ታማሚና አስታማሚ በሚጋራው ክፍል ይህን ማግኘት ባይቻልም ማሻሻል የሚቻል ብዙ ነገር አለ። ከነርሶቹ ጋር በአክብሮት ይነጋገሩ፤ «ሲስተር፣ ሌሊት ሙቀቱን የምትለኪውና መድኃኒቱን የምትሰጪው በአንድ ጊዜ ቢሆንልን፣ በመካከሉ ትንሽ እንዲተኛልኝ» ማለት ነውር የለበትም። ሁልጊዜ አይቻልም፤ አንዳንድ መድኃኒት በሰዓቱ ካልተሰጠ ይጎዳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ነርሶቹ ከተጠየቁ ይተባበራሉ። የግሉኮሱ መስመር የገባበት እጅ በእንቅልፍ ልቡ ሲገላበጥ እንዳይጎተት ቱቦውን በደንብ ያስተካክሉ፤ ልጁን ካኑላው (በደም ሥሩ የገባው ቀጭን ቱቦ) በሌለበት ጎን ያስተኙት።

በተቻለ መጠን መርፌና የአከርካሪ ፈሳሽ መውሰድን የመሰለ የሚያም ነገር በልጁ አልጋ ላይ ሳይሆን በሕክምና ክፍሉ እንዲደረግ ይጠይቁ። አልጋው ላይ ተይዞ የተወጋ ልጅ ማታ እዚያው አልጋ ላይ ዓይኑን ለመጨፈን ይፈራል፤ በር በተከፈተ ቁጥርም ይደነግጣል። «ዛሬ ማታ መርፌ የለም» ብለው መንገር የሚችሉት እውነት ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ልጅ በማግስቱ አይተኛልዎትም።

ጠያቂም ትልቅ ጉዳይ ነው። የታመመ መጠየቅ መልካም ባህላችን ነው፤ ከሩቅ የመጣን ዘመድ መመለስም ይከብዳል። ይሁን እንጂ እስከ ምሽት የሚቆይ ጨዋታና በአልጋው ዙሪያ የሚደረግ ለቅሶ ልጁን እጅግ ያደክመዋል፤ የነጭ የደም ሕዋሱ ለወረደበት ደግሞ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ አደጋ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሽማግሌ ወይም አክስት ለሁሉም ሰዓቱን ቢያሳውቁ፣ እናትየዋ ራሷ ሰው ከመመለስ ትድናለች።

ሳይዘገይ መታየት ያለበት የሌሊት ሕመም

ጤናማ ልጆች የሚያማቸው «የእድገት ሕመም» የሚባል አለ፤ በአብዛኛው ማታ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፣ ሲያሹት ይቀለዋል፣ ጠዋት ጨርሶ ይጠፋል፣ ልጁም ቀን ላይ እንደ ወትሮው ይሮጣል። ከዚህ የተለየ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያም፣ በየሌሊቱ የሚቀሰቅስ፣ እያነከሰ የሚያውለው፣ ወይም ከትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከመገርጣትና ከሰውነት መበለዝ ጋር የመጣ ከሆነ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የደም ካንሰር አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው በአጥንት ሕመም ነው። ጠዋት ሲነሣ ራሱን የሚያመውና የሚያስመልሰው ልጅም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። የአከርካሪ ፈሳሽ ከተወሰደ በኋላ ቀና ሲል የሚብስና ሲተኛ የሚቀል ራስ ምታት ብዙ ጊዜ በዕረፍትና በፈሳሽ ይሻላል፤ ቢሆንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሕመሙ ከቀለለ በኋላ እንቅልፉ ካልተመለሰ

አንዳንድ ልጆች ሕመሙ ከተወገደ በኋላም ሌሊት መንቃታቸውን ይቀጥላሉ። ሰውነታቸው ሰዓቱን ለምዶታል፣ አልጋውንም ከሕመም ጋር አያይዘውታል፣ ጨለማውንም ይፈራሉ። በዚህ ጊዜ መቆጣት አይረዳም፤ «አሁን ድነሃል፣ ለምን ትረብሻለህ» ማለትም ልጁን ያሳፍረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አጠገቡ ተኙ፤ ከዚያ ከአልጋው ጎን ተቀመጡ፤ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ራቁ፤ እያንዳንዱን ደረጃ ልጁ ሲረጋጋ ብቻ ይለውጡ። አልጋ ላይ ወጥቶ ከ20 ደቂቃ በላይ እየተገላበጠ የሚቆይ ከሆነ አውርደው ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ጸጥ ያለ ነገር ያድርግና እንቅልፉ ሲመጣ ይመለስ። ሌሊት ሲነቃ ሁልጊዜ ስልክ ወይም ጣፋጭ የሚሰጠው ከሆነም ይህን በጥቂት በጥቂቱ ያስቀሩ።

የሚያስታምሙት እናት ወይም አባትም መተኛት አለባቸው፤ ለሊቱን በፈረቃ መካፈል፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ሌሊት እህት ወይም ጎረቤት እንድትተካ ማድረግ የመድኃኒት መጠን ከመሳሳትም ያድናል። የሚተካው ሰው ደብተሩን አንብቦ፣ የሌሊቱን መድኃኒት ሰዓትና መጠን ለእርስዎ መልሶ ነግሮ ይረከብ። ይህን ሁሉ ለአንድ ወር ያህል አድርገው ልጁ አሁንም የማይተኛ ከሆነ፣ ቅዠት የሚያስጮኸው ወይም ቀን ላይ ጨርሶ ከሰው የሚሸሽ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ሐኪሙ ወደ ሕፃናት የሥነ ልቡና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲልክዎት ይጠይቁ።